ሽንኩርት የጠጣ ግድግዳ

ስለ ማድቤት ቀለም፣ በአንድ የኮንዶሚኒየም ግቢ እሁድ ጠዋት ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ።

እንደምን አደራችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ቅረቡ፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ። እንደ ትምህርት ቤት ፊት መቀመጥ አትፍሩ፣ ማንንም አልጠይቅም።

ቀለም መቀባት ከጀመርኩ 22 ዓመት ሆኖኛል። ማይክ ስይዝ ግን የመጀመሪያዬ ስለሆነ አንገቴን ደፍቼ ካወራሁ አትቀየሙኝ፤ የለመድኩት ከግድግዳ ጋር ማውራት ነው። የማኅበራችሁ ሊቀ መንበር «በየብሎኩ የማድቤት ቀለም ይላጣል፣ ሰው ሁሉ ቀለም ሻጩን ይራገማል፣ እስቲ መጥተህ አንድ ነገር በለን» ቢሉኝ ነው የመጣሁት።

መጀመሪያ ይህችን ቅርፊት ከፊት ወደ ኋላ እጅ በእጅ አሳልፉልኝ። ቀስ ብላችሁ ያዟት፣ ትሰበራለች። ባለፈው ወር ከአንድ ማድቤት ግድግዳ ላይ በጥፍሬ የላጥኳት ናት፤ ስፓቱላ እንኳ አላስፈለገኝም። ፊቷ እንደምታዩት ክሬም ነው፣ ደህና ቀለም፣ ርካሽ የሚባል አይደለም። አሁን ገልብጧት። ጀርባዋ ላይ ያለው ቢጫና ሙልጭልጭ ነገር ምንድን ነው? ያሽትቷት እትዬ፣ አይፍሩ። [ሳቅ] አዎ፣ ቁሌት ነው! ይህ ቀለም ከተቀባ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ግን አንድም ቀን ግድግዳውን ነክቶት አያውቅም። ተለጥፎ የኖረው ዘይቱ ላይ ነው።

ባለቤቲቱ «ፎርጅድ ቀለም ሸጡልኝ» ብለው ሱቅ ድረስ ሄደው ተጣልተው ነበር። ፎርጅድ ቀለም የለም አልልም፤ አለ፣ እኔም ተሸጦልኝ ያውቃል። ነገር ግን ተላጠ ተብዬ ከተጠራሁባቸው ማድቤቶች በአብዛኛው ጥፋተኛው ቆርቆሮው ውስጥ አልነበረም። ከቀለሙ በፊት ግድግዳው ላይ የነበረው ነገር ነው።

የቀለም ካታሎግ አይታችሁ ከሆነ፣ እዚያ የሚታየው ማድቤት ውስጥ ሎሚና ብርጭቆ እንጂ ድስት የለም። እኛ ቤት ሥራ የሚጀምረው ከሽንኩርት ነው። ለዶሮ ወጥ ሲሆን ሽንኩርቱ በደረቁ ይቁላላል፣ ውሃውን ይጨርሳል፣ ዘይት ወይም ቅቤ ይገባበታል፣ በርበሬው ይከተላል፣ ከዚያ እንዳያርር ጠብ ጠብ እየተደረገበት ሰዓታት ይቆያል። ውሃው የጋለ ዘይት ላይ ባረፈ ቁጥር «ጭስስ» ይላል አይደል? እኔ ያንን ድምፅ ስሰማ ግድግዳው ነው የሚታየኝ። ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሲሆን ዘይቱን በዓይን የማይታይ ጠብታ አድርጎ በትኖ ይዞት ይወጣል። እንፋሎቱ መስኮት ካገኘ ይሄዳል። ዘይቱ ግን ያገኘው ነገር ላይ ይቀመጣል፦ ከምድጃው በላይ ያለው ግድግዳ፣ የኮርኒሱ ጥግ፣ የበሩ መቃን፣ የሶኬቱ ዙሪያ። ቀጥሎ አቧራ ይመጣና ይለጠፍበታል።

የት ድረስ እንደሄደ ለማወቅ ዛሬ ቤት ስትገቡ የፍሪጁን አናት በጣታችሁ ዳስሱ። ያ የሚያጣብቀው ነገር ግድግዳው ላይም አለ፤ ግድግዳን ግን ማንም አይዳስስም። ሌላው መፈተሻ ውሃ ነው። በጣታችሁ ጥቂት ውሃ ግድግዳው ላይ ርጩ። ንጹሕ ሲሆን ውሃው ዘርጋ ብሎ ያርፋል። ቅባት ካለበት እንደ ጎመን ቅጠል ጤዛ ድቡልቡል ሆኖ ይንከባለላል። እንዲህ የሚንከባለልበት ግድግዳ ላይ ቀለም የሚቀባ ሰው ገንዘቡን ነው የሚቀባው።

እንግዲህ ማጠብ። ዛሬ ብዙ የምቆይበት እዚህ ላይ ነው፣ ታገሡኝ።

ሰው ቀለም ቀቢ ሲጠራ የመጀመሪያ ጥያቄው «መቼ ትጨርሳለህ?» ነው። «የመጀመሪያውን ቀን አጥባለሁ» ስለው ፊቱ ይለወጣል። ቀለም ቀቢ ጠርቶ ልብስ አጣቢ የመጣበት ነው የሚመስለው። ስለዚህ ብዙ ቀቢ ይህን ያውቅና ዝም ብሎ በደረቅ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ይጀምራል፤ ቀለሙ የሚላጠው እሱ ከሄደ በኋላ ነውና።

ሁለት ባልዲ ያስፈልጋል፤ አንዱ በሞቀ ውሃ ለተበጠበጠ ኦሞ ወይም ለዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ አንዱ ለንጹሕ ውሃ። ከመጀመራችሁ በፊት የማድቤቱን መብራት ከማከፋፈያው ላይ አጥፉ፤ ሶኬት ዙሪያ እርጥብ ጨርቅ ይዞ መዞር ቀልድ አይደለም። ሲታጠብ ከታች ወደ ላይ ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁልጊዜ ይስቅብኛል። ከላይ ብትጀምሩ ቆሻሻው ሳሙና በደረቁ ግድግዳ ላይ እየወረደ መስመር መስመር ይሠራል፣ መስመሩም ጠልቆ ይቀራል። ከታች አርሳችሁት ከወጣችሁ ግን የሚወርደው ቆሻሻ የሚይዘው ደረቅ ቦታ አያገኝም። ማለቅለቁ በተቃራኒው ከላይ ወደ ታች ነው። በደንብ ይለቅለቅ፤ የቀረ ሳሙናም እንደ ዘይቱ ቀለም አያስይዝም። ውሃውንም ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ የሽሮ መልክ ከያዘ ዘይቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ እያዛወራችሁ ነው።

ሲደርቅ የውሃውን ጠብታ ሙከራ ድገሙት። ከተንከባለለ እንደገና ወደ ባልዲው። ከምድጃው በላይ ያለው ቦታ ሁለትና ሦስት ጊዜ መታጠቡ ያለ ነው።

ስለ ማጠብ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ላጫውታችሁ። አንድ ረዳት ነበረኝ፣ ገና ልጅ። ከምድጃ አጠገብ ያለ ቢጫ ነጠብጣብ በኦሞ ሲያሸው በአንድ ጊዜ ደም መሰለ። እጁን የቆረጠ መስሎት ጮኸ፣ ባለቤቲቱም ከሳሎን እየሮጡ መጡ። እርድ ነው! የአልጫ እርድ ጠንከር ያለ ሳሙና ሲነካው ከቢጫ ወደ ቀይ ይዞራል፣ ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ወደ ቢጫው ይመለሳል። ልጁ ያን ቀን ሥራ ፈትቶ ግድግዳውን አንዴ ቀይ አንዴ ቢጫ ሲያደርግ ዋለ። ቁም ነገሩ ግን እርድ ግድግዳ ውስጥ ከጠለቀ በማሸት ብዛት አይለቅም። ፀሐይ ያደበዝዘዋል፤ ፀሐይ የማይገባበት ማድቤት ከሆነ እድፍ የሚዘጋ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መነሻ፣ ከሥሩ ካልገባ አዲሱ ቀለም ላይ ብቅ ሊል ይችላል። በርበሬ ይሻላል። የበርበሬ ቅላት የሚሟሟው ዘይት ውስጥ ስለሆነ ዘይቱ በሳሙና ሲነሳ አብሮት ይሄዳል።

በከሰል ወይም በእንጨት ሲበሰልበት የኖረ ማድቤት ሌላ ጣጣ አለው። ጥላሸቱ ብቻ አይደለም ችግሩ፤ ጢሱ ውስጥ ሬንጅ የመሰለ ቡናማ ነገር አለ፣ ግድግዳው ውስጥ ይሰርጋል። ፕላስቲክ ቀለም በውሃ የሚበጠበጥ ነው፣ ያ ቡናማ ነገር ደግሞ በውሃ ይነሳል። ስለዚህ ነጭ ቀለም ትቀባላችሁ፣ ማታ ነጭ ሆኖ ታድራላችሁ፣ ጠዋት ግድግዳው ማዲያት አውጥቶ ይጠብቃችኋል። ትደርባላችሁ፤ አሁንም ይወጣል። አምስት እጅ ብትደርቡም ያው ነው። መድኃኒቱ ዘይት ነክ ፕራይመር ነው፤ አንድ እጅ እሱን አልብሳችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ከላይ የፈለጋችሁትን ፕላስቲክ ቀለም ቀቡ። እድፉ ከሥር ታሽጎ ይቀራል።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

ሥራ በጀመርኩ በአራተኛው ዓመት ነው። አንዲት እናት በሕማማት ሳምንት ጠሩኝ፤ ለፋሲካ ልጆቻቸው ከውጭ ይመጣሉ፣ ማድቤቱ ይታደስ። ግድግዳው የሚያብለጨልጭ ዘይት ቀለም ነበር። እኔ ጠርጌ ብቻ ፕላስቲክ ቀለም ደረብኩበት። ሐሙስ ጨረስኩ፣ አማረ፣ መርቀው ሸኙኝ። የፋሲካ ማግስት ስልክ ተደወለ። «አንተ ልጅ፣ ግድግዳዬ እንደ እባብ ቆዳውን ገፈፈ!» ሄጄ አየሁት። ከምድጃው በላይ ያለው ቀለም እንደ አንሶላ ተንጠልጥሏል፣ ከሥሩ አሮጌው ዘይት ቀለም እንደ መስታወት ያበራል፣ ምንም እንዳልነካው። ቅዳሜ ሙሉ ዶሮ ወጡ ሲሠራ እንፋሎቱ አላቆት ነው። ገንዘባቸውን መለስኩ፣ ቀለሙን ከኪሴ ገዝቼ እንደገና ሠራሁ። ሳይቀየሙኝ ምሳ አብልተው ነው የሸኙኝ፤ እሱ ደግሞ ይበልጥ አሳፈረኝ።

የሚያብለጨልጭ ቀለም ልሙጥ ነው፤ የሚደረብበት ቀለም የሚቆናጠጠው ነገር የለውም። ስለዚህ ከመደረቡ በፊት ከሥር ያለው ምን እንደሆነ እወቁ። ኮሮና ትቶልን የሄደው አልኮል እየቤቱ አለ መቼም። የታጠበ ቦታ ምረጡና አልኮል በነከረ ጥጥ ግማሽ ደቂቃ ያህል አጥብቃችሁ እሹ። ጥጡ ቀለም ከያዘ ፕላስቲክ ቀለም ነው። ጥጡ ንጹሕ ከሆነ ዘይት ቀለም ነው። ዘይት ቀለም ከሆነ ብልጭታው እስኪጠፋ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፣ ብናኙ በእርጥብ ጨርቅ ይነሳል፣ ፕራይመር ይገባል፣ ከዚያ ቀለሙ። ሦስተኛ ዓይነትም አለ፦ መዳፋችሁን ስታሳርፉበት ነጭ ዱቄት የሚያወጣ። ኖራ ወይም ያረጀ ርካሽ ቀለም ነው። እሱን መፋቅ ነው እንጂ በላዩ መቀባት በዱቄት ላይ እንደ መጻፍ ነው።

ስለ ማሸት ስናገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ በተለይ የቆየ ቤት ላላችሁ። ድሮ ዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ ይጨመር ነበር፤ ቀለሙን ያደምቀዋል፣ ቶሎም ያደርቀዋል። የሚጻፍበት እርሳስ አይደለም፣ ብረቱ እርሳስ። በእኛ አገር ቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የሚከለክለው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ ዘይት ቀለም ካላችሁ እርሳስ አለበት ብላችሁ ተነሡ። በደረቁ አታሹት፤ ግድግዳውንም ወረቀቱንም እያራሳችሁ እሹ፣ ብናኙ እንዳይነሳ። ማስክ አድርጉ። ልጆችና ነፍሰ ጡር ሴት ያን ቀን ዘመድ ቤት ይዋሉ። የተፋቀው በመጥረጊያ አይጠረግ፤ በእርጥብ ጨርቅ ተሰብስቦ በፌስታል ይታሰር። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጅ ችግር የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን የለም ነው የሚለው። እኔ ይህን ሳላውቅ ስንት ዓመት ስተነፍሰው ኖሬያለሁ፤ አሁን ረዳቶቼን ማስክ ሳያደርጉ ሳይ የምቆጣው ለዚያ ነው።

እርጥበት። ቀለሙ ፊኛ እየሠራ ካበጠ፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ነጭ ጨው ካወጣ፣ ጥጉ ከሻገተ፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳታውቁ ቀለም አትግዙ። ለዚህ ፌስታል ይበቃል። አንድ ፌስታል ቀድዳችሁ ዘርጉትና ግድግዳው ላይ በአራቱም ጠርዝ በቴፕ አሽጉት፣ አንድ ወይም ሁለት ቀን ተዉት። በፌስታሉ ውስጠኛ ገጽ፣ ግድግዳውን በሚያየው በኩል ውሃ ካቋጠረ እርጥበቱ ከግድግዳው ነው የሚመጣው፤ ቧንቧ ያንጠባጥባል፣ ወይ ከላይኛው ፎቅ ይወርዳል፣ ወይ ከመሬት ይወጣል። ቀለም ሳይሆን የቧንቧ ሠራተኛ ጥሩ። ውሃው ፌስታሉ ላይ በእናንተ በኩል ከሆነ ደግሞ የራሳችሁ እንፋሎት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ አዲስ አበባ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ውጩን የሚያየው ግድግዳ ይቀዘቅዛል፤ ጠዋት መስኮት ዘግታችሁ እንጀራ ስትጋግሩ እንፋሎቱ ሁሉ እሱ ላይ ወደ ውሃ ይለወጣል። ሻጋታም የሚወደው ይህንኑ ጥግ ነው። ምጣዱ ከመጣዱ በፊት መስኮት ክፈቱ፤ ከብርዱ ይልቅ ሻጋታው ብዙ ወጪ ያስወጣችኋል።

ሻጋታ ላይ በቀጥታ አይቀባም፣ ከሥር ሆኖ ይበቅላል። አንድ እጅ በረኪና በሦስት እጅ ውሃ በጥብጣችሁ አርሱት፣ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይለቅለቅና ይድረቅ። ጓንት አድርጉ፣ መስኮቱ ይከፈት። በረኪናን ግን ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ፣ ከሽንት ቤት አሲድ ጋር እንዳትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። የእርዱን ጨዋታ ስነግራችሁ ሎሚ ስላነሳሁ ነው ይህን አጥብቄ የምናገረው።

ስቱኮም ላይ አንድ ቃል። በጀሶ የተሠራ ስቱኮ ሳሎን ውስጥ ያምራል። ውሃ የሚረጭበት ቦታ ግን ይጠጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከነቀለሙ ይነሳል። የዕቃ ማጠቢያው ዙሪያ ከሲሚንቶ የተሠራ መሙያ ይግባ፣ ሴራሚክ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

ቤት ገና የተረከባችሁ አላችሁ መሰለኝ። እጅ አውጡ እስቲ። ብዙ ናችሁ። ልስኑ አዲስ ከሆነ አትቸኩሉ፤ ሲሚንቶ ልስን ቢያንስ 28 ቀን ይፈልጋል፣ ክረምት ከሆነ ከዚያም በላይ። መድረቁ ብቻ አይደለም ጉዳዩ። አዲስ ሲሚንቶ እንደ አመድ ውሃ ይቆጠቁጣል፤ ዘይት ቀለም ሲያገኘው ዘይቱን ወደ ሳሙና ይለውጠዋል። እውነቴን ነው! አያቶቻችን ከሞራና ከአመድ ውሃ ሳሙና ያወጡበት ጥበብ ግድግዳችሁ ላይ ይደገማል ማለት ነው። ቀለሙ ይላላል፣ ያጣብቃል፣ በመጨረሻ በጣት ይነሳል። ለአዲስ ልስን ሲሚንቶ የሚችል ፕራይመርና ፕላስቲክ ቀለም ነው የሚሻለው።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ ብዙ እናቶች «ማድቤት ዘይት ቀለም ነው፣ ይታጠባል» ይሉኛል። ይታጠባል፣ አልክድም። ነገር ግን ነጭ ዘይት ቀለም ብርሃን በማይገባበት ሙቅ ክፍል ውስጥ በጊዜ ብዛት ይወይባል። ነጭ ብላችሁ ያስቀባችሁት ማድቤት ከዓመታት በኋላ ቅቤ ይመስላል፣ ፍሪጁን ስታንቀሳቅሱ ደግሞ ከኋላው ያለው ከሌላው የባሰ ወይቦ ታገኙታላችሁ። ሽታውም ቀናት ይቆያል፤ እየደረቀ ሳለ በዚያ ክፍል ከሰል ማቀጣጠል፣ ቡታጋዝ መለኮስ የለም፣ የቀለሙ ማቅጠኛ ቲነር በእሳት ይቀጣጠላል። የእኔ ምርጫ ብልጭታው መካከለኛ የሆነ፣ የሚታጠብ ፕላስቲክ ቀለም ነው፤ ሳቲን ወይም ሰሚ ግሎስ ይሉታል። ብልጭታ የሌለው ማት ለሳሎን ይሁን፤ ማድቤት ውስጥ ዘይት ይጠጣል፣ ስታሹትም ያሻችሁበት ቦታ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል።

መጠኑን አትገምቱ፣ አስሉ። ማድቤታችሁ 2 ሜትር በ3 ሜትር፣ ቁመቱ 2.6 ሜትር ቢሆን ዙሪያው 10 ሜትር ነው፤ በቁመቱ ሲባዛ 26 ካሬ። በር፣ መስኮትና ሴራሚክ ወደ 5 ካሬ ይወስዳሉ፣ 21 ካሬ ይቀራል። በሁለት እጅ 42 ካሬ። ልሙጥ ግድግዳ ላይ አንድ ሊትር ወደ 10 ካሬ ይሄዳል፣ ስለዚህ 4 ሊትር ከምናምን ነው። ቀቢው ሦስት ጋሎን አምጡ ካላችሁ ሂሳቡን አሳዩኝ በሉት። ሁለት ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም አንድ ባልዲ ውስጥ ቀላቅሉ፤ አንድ ዓይነት ስም የተጻፈባቸው ክሬሞች አንዱ ከአንዱ ትንሽ ይለያሉ፣ ግድግዳው መሀል ላይ ነው የሚታወቃችሁ።

የመጨረሻው ነገር የበዓል ቀለም ነው። ጳጉሜ ላይ፣ የገና ሰሞን፣ ሕማማት ሳምንት ስልኬ አይዘጋም። ፕላስቲክ ቀለም በሰዓታት ውስጥ እጅ አይዝም፣ ሰው ደረቀ ይላል። ጠንክሮ ለመታጠብ የሚበቃው ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያ ለስላሳ ነው፤ የወጥ ፍንጣሪ ሲያርፍበት ይጠጣዋል፣ ስትጠርጉት አብሮ ይነሳል። ሐሙስ ቀብታችሁ ቅዳሜ አምስት ኪሎ ሽንኩርት የምትቁላሉ ከሆነ፣ ያ ግድግዳ በዓሉን ነው የሚያበላሽባችሁ። ለመስከረም የፈለገ ሰው በሐምሌ መጨረሻም አይቀባ፣ ዝናቡ አያደርቅለትም። ግንቦት መሀል ላይ ያስቀባ፤ ዋጋዬም ያኔ ቀለል ይላል። [ሳቅ]

ጥያቄ ካለ ልስማ።

አንድ እናት፣ ከገጠር ያለው የእናታቸው ማድቤት ጭቃ ነው፣ ዘይት ቀለም አስቀብተውላቸው ከነጭቃው ተላጠ ይላሉ። እማማ፣ ጭቃ ግድግዳ ይተነፍሳል፤ እርጥበት ያስገባል፣ ያስወጣል። ዘይት ቀለም ሲለበስ መውጫው ይዘጋበታል፣ ውሃው ከኋላ ሆኖ ይገፋዋል። ተላጦ የቀረውን ፍቀው፣ ኖራ ያስቀቡላቸው። በየዓመቱ ይታደሳል፣ አዎ፤ ግን ግድግዳውን ይዞ አይወርድም።

አንተ ወንድሜ፣ ተከራይ ነኝ፣ ሙሉውን ማስቀባት አልችልም ነው ያልከው? ከምድጃው ኋላ ያለውን ብቻ ሥራ። ጠፍጣፋ አሉሚኒየም ወይም አንድ ሜትር ሴራሚክ እዚያ ካለህ የቀረው ግድግዳ ብዙ ይቆይልሃል። ስትለቅ አሉሚኒየሙን ፈትተህ ይዘኸው ትሄዳለህ። የቀረውን በሳምንት አንዴ በለስላሳ ጨርቅና በትንሽ ሳሙና ጠረግ ማድረግ ይበቃል። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ግን ግድግዳ አይንካ።

ጋሼ ደግሞ፣ ቀቢው ውሃ እያበዛ እንደሆነ በምን አውቃለሁ ይላሉ። ቆርቆሮው ላይ ስንት እጅ ውሃ እንደሚገባ ተጽፏል፣ ያንን ያንብቡ። ሳይነበብም ይታወቃል። ሮለሩን ከባልዲው ሲያወጣው እንደ እርጎ ከያዘው ደህና ነው። እንደ ወተት ወለሉ ላይ ከተንጠባጠበና አንድ እጅ ከተቀባ በኋላ አሮጌው ቀለም ቁልጭ ብሎ ከታየ ውሃ ነው የገዙት። ሲበጠበጥ አጠገቡ ይቁሙ፣ ሻይ ይዘውለት ቢመጡ አይቀየምም።

ሌላ ከሌለ እዚህ ላይ ላብቃ። ቅርፊቷ የት ደረሰች? እትዬ ጋ ናት? ይመልሱልኝ እባክዎ፣ ነገ ሌላ ቤት «ማጠብ ምን ያደርጋል» የሚሉ ባለቤት ስላሉ አሳያቸዋለሁ።